ከደጅ ወደ ውስጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው የአካል ጉዳት ያለባቸው ወገኖቻችን በቤተ ክርስቲያን ስላላቸው ቦታ ነው። ጉዳዩን ያነሣነው ከራሳችን ስሕተት የተነሣ ስለሆነ አስቀድመን እርሱን እንናገር።

በክራንች የሚሄድ አንድ ወንድም ከእኛ ጋር ይማር ነበር። ድምፁ መልካም፣ ዜማም ቶሎ የሚይዝ ነው። ለበዓል መዝሙር ስንዘጋጅ ግን «አንተ አትድከም፤ ተቀምጠህ ተከታተል» አልነው። ክፉ አስበን ሳይሆን ሰልፉ እንዳይበላሽ ፈርተን ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀረ። ልንጠይቀው ቤቱ ስንሄድ አንድ ነገር አጫወተን። አንድ እሑድ ነጠላውን ለብሶ ደጀ ሰላሙ አጠገብ እኛን ሲጠብቅ፣ አንዲት እናት ሳንቲም በእጁ አስጨብጠውት አለፉ። «እሳቸው አያውቁኝም፤ እናንተ ግን እያወቃችሁኝ እዚያው በር ላይ ተዋችሁኝ» አለን። መልስ አጣን።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ለአንድ ሰው በደጅ መመጽወትና እንደ ወንድም ወደ ውስጥ ማስገባት አንድ ናቸውን?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ ስለ ነበረ ሰው ተጽፏል። ሰዎች በየቀኑ ተሸክመው እስከ መቅደሱ በር ያደርሱታል፤ ከዚያ ግን አያልፉም። ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ዮሐንስ በጌታችን ስም ካስነሡት በኋላ ከእነርሱ ጋር ወደ መቅደስ ገባ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ደግሞ አራት ሰዎች የተሸከሙትን ሽባ መግቢያ ያሳጣው ማን ነበር? ቃሉን ሊሰማ የተሰበሰበው ሕዝብ ነው። እኛም በዚያ ሕዝብ መካከል ቆመን እንዳይሆን ራሳችንን እንመርምር።

«እነዚህ ተፈውሰው ነው፤ ያልተፈወሰውስ?» የሚል ቢኖር ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9ን ያንብብ። ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሮቹ እንደ ሰለሉ ከንጉሥ ዳዊት ማዕድ ዘወትር ይበላ ነበር። እግሩ አልዳነም፤ ወንበሩ ግን አልተነሣበትም። ጉዳቱን የኃጢአት ውጤት ለሚያደርጉትም ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም በዚያ ምክንያት እንዳልበደሉ መልሷል።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ምስክር ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ዲዲሞስ ከሕፃንነቱ ዓይነ ስውር ነበር። በአገራችን የአብነት ትምህርት በቃል የሚያዝ በመሆኑ ብዙ ዓይነ ስውራን ለመምህርነት በቅተዋል። በ1999 ዓ.ም. ያረፉት አለቃ አያሌው ታምሩ በልጅነታቸው ዓይናቸውን አጥተው ሳለ መጻሕፍትን የጻፉ፣ በሊቃውንት ጉባኤ ያገለገሉ አባት ናቸው። ሊቃውንቱም ረጅሙን ማኅሌት በመቋሚያ ተደግፈው ይቆማሉ። መደገፍ በቤተ ክርስቲያናችን ነውር ሆኖ አያውቅም። ታዲያ የወንድማችን ክራንች በሰልፋችን መካከል ለምን ነውር ሆነ?

ስለሆነም የሚከተሉትን እንድንፈጽም እናሳስባለን።

1ኛ/ መግቢያውን እናስተካክል። ለተሽከርካሪ ወንበር በተለመደው ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ተዳፋት ያስፈልጋል። ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ሦስት ደረጃዎች ቢኖሩ 5 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህ ከአንድ ሰበካ ጉባኤ አቅም በላይ አይደለም።

2ኛ/ መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ እንማር። እስክንችል ድረስም መምህሩ ፊቱን ወደ እነርሱ አድርጎ ያስተምር፤ ዋናው ቃል በሰሌዳ ይጻፍ።

3ኛ/ ዓይነ ስውሩን እጁን ይዘን አንጎትት። እንጠይቀው፤ ከፈለገ እርሱ ክንዳችንን ይያዝ።

4ኛ/ ከሁሉም በላይ አገልግሎት እናካፍል። በመዝሙር፣ በንባብና በኮሚቴ ሥራ ድርሻ የሌለው ሰው ውስጥ ገብቶም እንግዳ ነው።

ወንድማችንን ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ እስካሁን ግን አልተመለሰም። አንዴ የተዘጋ በር በአንድ ቀን ይቅርታ እንደማይከፈት ተምረንበታል። የልምምድ ክፍላችን ከፎቅ ወደ ምድር ቤት እንዲዛወር አመልክተናል። እሑድ እሑድም ተራ ገብተን ቤቱ እየሄድን አዲሱን መዝሙር አብረነው እናጠናለን።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ/ በሰፈራችን በአካል ጉዳት ምክንያት ከጉባኤ የቀሩ እነማን ናቸው? ጠይቀናቸው እናውቃለን?
ለ/ እስከ በር መሸከምና ወደ ውስጥ ማስገባት በምን ይለያያሉ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።