ስምና ልክ፦ ልኩ ተደብቆ ስለሚሸጥ ካምሻፍት

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፥ ስለ ሞተር ጉልበት ስንነጋገር ከካርቡራተሩ ወይም ከጭስ መውጫው ሳይሆን ከካምሻፍቱ ልንጀምር ወደድን። ሞተር የሚተነፍሰው በቫልቮቹ ነው፤ ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱ፥ ምን ያህል እንደሚከፈቱና መቼ እንደሚዘጉ የሚወስነው ግን ካምሻፍቱ ነው። ስለዚህ የሞተሩን ጠባይ ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚገዛው ሌላ ካምሻፍት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ፥ ሻጩ የካምሻፍቱን ልክ ሲደብቅ ገዢው በምን አውቆ ይምረጥ? የሚለው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ፥ ይልቁንም በደቡብ ካሊፎርኒያ፥ የፋብሪካ መኪናቸውን ለእሽቅድምድም የሚያዘጋጁ ወጣቶች በዙ። ካምሻፍት እየቀረጹ የሚሸጡ ወርክሾፖችም አብረው ተስፋፉ፤ ኤድ ኢስከንደርያን በዚህ ሙያ ስማቸው ከታወቀው አንዱ ነው። በዚህ ንግድ ዕቃውን በስም መጥራት ልማድ ሆነ። ሸቭሮሌት ያወጣው፥ እ.ኤ.አ. በ1957 በኮርቬት መኪና ባለ283 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ላይ የገባው ካምሻፍት እንኳ በኢንጂነሩ በዞራ አርከስ ዱንቶቭ ስም «የዱንቶቭ ካም» ተባለ፤ ሌሎችም በመለዋወጫ ቁጥሩ የመጨረሻ ሦስት አኃዞች «097» ይሉታል። ስሙም ሆነ ቁጥሩ ግን ቫልቩ በስንት ዲግሪ እንደሚዘጋ አይነግረንም።

ዛሬ ብዙዎቹ ሻጮች ልኩን በካርድ ጽፈው ከዕቃው ጋራ ይሰጣሉ። ነገር ግን ዕቃውን «ሁለተኛ ደረጃ»፥ «ሦስተኛ ደረጃ» ወይም በሌላ የሚያስፈራ ስም ብቻ ሰይመው፥ ልኩን ሲጠየቁ «የሥራ ምስጢር ነው» የሚሉም አልጠፉም። ምክንያታቸው ተፎካካሪ እንዳይቀዳቸው ነው። እስቲ ይህን ምክንያት እንመዝነው። ተፎካካሪው ራሱ ካም ቀራጭ ነው፤ አንድ ካምሻፍት ገዝቶ በመለኪያው ላይ ቢያስቀምጠው የጉብታውን ቅርፅ በየዲግሪው ሊያነበው ይችላል። እንግዲህ ምስጢሩ የሚሰወረው መሣሪያ ካለው ተፎካካሪ ሳይሆን፥ ገንዘቡን ከሚከፍለው ገዢ ነው ማለት ነው።

ልክ ስንል ከሁሉ በፊት ሦስቱን ነገሮች ማለታችን ነው።

1ኛ/ ቫልቩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ዲግሪ። ይህ የሚቈጠረው ካምሻፍቱ በሚዞረው ሳይሆን ክራንክሻፍቱ፥ የጋራዥ ሰዎች ኮሎ የሚሉት፥ በሚዞረው ዲግሪ ነው፤ በአራት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራልና። ነገር ግን መቍጠር የሚጀመረው ከየት ነው? ጉብታው ታፔቱን መጀመሪያ የሚያነሣው በጣም በዝግታ ስለሆነ፥ አንዱ ሻጭ ታፔቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ከተነሣበት፥ ሌላው 0.5 ሚሊ ሜትር ከተነሣበት ይቈጥራል። ሁለቱም «290 ዲግሪ» ብለው ቢጽፉ፥ በአንድ መለኪያ ሲለኩ 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ይህ በየገበያው ቁናው እየተለያየ ሁሉም «አንድ ቁና» እያለ ጤፍ እንደሚሸጥ ያለ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ የሙያው ሰዎች ታፔቱ 0.050 ኢንች፥ ማለት 1.27 ሚሊ ሜትር፥ በተነሣበት መለካትን ለማወዳደሪያ የጋራ ቁና አደረጉት።

2ኛ/ የቫልቩ ከፍታ። የጉብታው ከፍታ በሮከሩ ሲባዛ የቫልቩን ይሰጣል። የጉብታው ከፍታ 7.5 ሚሊ ሜትር፥ የሮከሩ ብዜት 1.5 ቢሆን፥ ቫልቩ 11.25 ሚሊ ሜትር ይነሣል፤ ክፍተት በሚሰጠው ታፔት ላይ ያ ክፍተት ይቀነሳል። የቫልቩ ሞላ ይህን ያህል ሲጨመቅ ጥምጥሙ እርስ በርሱ መነካካት የለበትም።

3ኛ/ የጊዜው አቀማመጥ። ከሦስቱ ዋናው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚደበቀውም ይኸው ነው። ሁለት ካምሻፍቶች በዲግሪና በከፍታ እኩል ሆነው፥ የማስገቢያውና የማስወጫው ጉብታዎች ጫፎች የሚራራቁበት ማዕዘን ቢለያይ ጠባያቸው ይለያያል። ማዕዘኑ ሲጠብ ሁለቱ ቫልቮች አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ይረዝማል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፥ በማስገቢያው ቱቦ ያለው የመሳብ ኃይልም ይደክማል። የፍሬኑ ማገዣ የሚሠራው በዚሁ የመሳብ ኃይል በሆነበት መኪና፥ ነገሩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የማስገቢያው ቫልቭ የሚዘጋበት ጊዜም እንዲሁ ነው። ዘግይቶ ሲዘጋ በከፍተኛ ዙር ይጠቅማል፤ በፍጥነት የሚገባው አየር በራሱ ግፊት መግባቱን ይቀጥላልና። በዝቅተኛ ዙር ግን ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ የገባውን መልሶ ያስወጣዋል። በባሕር ጠረፍ ለሚነዳ «ለመንገድ ተስማሚ ነው» የተባለ ካምሻፍት፥ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ እንዲሁ ተስማሚ ይሆናል ብለን መቀበል የለብንም። የአየሩ ግፊት እዚህ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ከዚህ ላይ ቫልቩ ዘግይቶ ቢዘጋ ዳገት ላይ የሚያስፈልገን የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይብሱን ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የቫልቩና የፒስተኑ ግጭት ነው። ብዙ ሰው አደጋው ቫልቩ በጣም በተነሣ ጊዜ ይመስለዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን ፒስተኑ ወደ ታች ርቋል። ሁለቱ የሚቀራረቡት በመደራረቡ ወቅት፥ ፒስተኑ በላይኛው ሙት ነጥብ አካባቢ ሳለ ነው። ስለዚህ ከፍታውን ብቻ የተነገረው ገዢ ሞተሩ ይጠፋ ወይም ይድን እንደሆነ አያውቅም። በፒስተኑ አናት ላይ ለስላሳ የሞዴል ሸክላ አድርጎ፥ ሞተሩን ገጥሞ በእጅ ማዞር፥ ከዚያም ፈትቶ የሸክላውን ውፍረት መለካት የተለመደ ዘዴ ነው። ለማስገቢያው 2 ሚሊ ሜትር፥ ለማስወጫው 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል እንደ ትንሹ ርቀት ይያዛል።

እንግዲህ ልኩ ያልተነገረው ካምሻፍት በእጃችን ቢገባ ምን እናድርግ? ሻጩ ዝም ቢል ብረቱ ይናገራል። የሚያስፈልገው በዲግሪ የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳና ዳያል ጌጅ ነው። ሰሌዳውን በክራንክሻፍቱ ጫፍ እናስራለን። ከፒስተኑ በላይ ማገጃ አድርገን፥ ፒስተኑ ማገጃውን እስኪነካ ክራንክሻፍቱን በቀስታ በአንዱ አቅጣጫ ቀጥሎም በሌላው እናዞራለን፤ የሁለቱ ንባቦች እኩሌታ የላይኛው ሙት ነጥብ ነው። ከዚያ ማገጃውን አውጥተን፥ ጌጁን በታፔቱ ላይ አቁመን ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ እናዞርና 1.27 ሚሊ ሜትር ሲነሣና ሲወርድ ያለውን ዲግሪ እንጽፋለን።

ለምሳሌ ማስገቢያው ከላይኛው ሙት ነጥብ 5 ዲግሪ ሲቀረው ቢከፈትና ከታችኛው 45 ዲግሪ አልፎ ቢዘጋ፥ 5 ሲደመር 180 ሲደመር 45፥ ድምሩ 230 ነው። የ230 እኩሌታ 115 ነው፤ ከዚህ 5 ሲቀነስ የጉብታው ጫፍ ከላይኛው ሙት ነጥብ በኋላ በ110 ዲግሪ ላይ መሆኑን እናገኛለን። ማስወጫው ከታችኛው ሙት ነጥብ 49 ዲግሪ ሲቀረው ቢከፈትና ከላይኛው 1 ዲግሪ አልፎ ቢዘጋ፥ እርሱም 230 ሆኖ ጫፉ ከላይኛው ሙት ነጥብ በፊት በ114 ዲግሪ ላይ ይውላል። የ110 እና የ114 ድምር እኩሌታ 112 የሁለቱ ጉብታዎች ማዕዘን ነው። ምስጢር የተባለው ነገር ይኸው በመደመርና በማካፈል ተገለጠ።

ሆኖም ይህ ልኬት የሚደረገው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነውና፥ ከመክፈላችን በፊት አራት ጥያቄ እንጠይቅ። በ0.050 ኢንች ስንት ዲግሪ ነው? የቫልቩ ከፍታ በየትኛው የሮከር ብዜት ነው? የጉብታዎቹ ማዕዘን ስንት ነው? ማስገቢያው የሚዘጋው መቼ ነው? ቀራጩ የጉብታውን ሙሉ ቅርፅ ለራሱ ይያዝ፤ የድካሙ ፍሬ ነውና አንቀማውም። እነዚህን አራቱን የሚከለክል ግን ሙያውን አልጠበቀም፤ የእኛን ሞተር ለዕድል ሰጠ እንጂ። እንዲህ ካለው ይልቅ፥ ስሙ ባያስፈራም ልኩ የተጻፈበትን ካምሻፍት መግዛት ይሻላል። የተጻፈውንም ቢሆን ሞተሩ ከመዘጋቱ በፊት ራሳችን እንለካው፤ ካርዱና ብረቱ ካልተስማሙ የሚታመነው ብረቱ ነው።