እናትን ማሰብ፦ በቤት የተፈጸመ አገልግሎትና በመሠዊያ ፊት የሚደረግ መታሰቢያ



በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሟችን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ከከተማ አልፎ በገጠርም እየተለመደ መጥቷል። ሟቹ ሹመት ወይም የመንግሥት ሥራ የነበረው ሰው እንደሆነ ያገለገለበት መሥሪያ ቤት፣ ያገኘው ማዕረግና ሽልማት በዝርዝር ይነበባል። ሟቿ ዕድሜዋን ሙሉ ቤቷን ስታቀና የኖረች እናት በሆነች ጊዜ ግን ወረቀቱ ቶሎ ያልቃል። የተወለዱበት ቦታ፣ ያገቡበት ዘመንና የልጆቻቸው ቁጥር ከተጠቀሰ በኋላ «በቤት እመቤትነት ይተዳደሩ ነበር» ይባልና ይዘጋል። አምሳና ስድሳ ዓመት የተደከመበት ሕይወት በሁለት መስመር ያበቃል።

ከዚያ የተዝካሩ ዝግጅት ይጀመራል። በሕይወት ታሪኳ ላይ ቃል የቆጠበው ቤተ ሰብ በድግሱ ላይ ምንም አይቆጥብም፤ በሬ ይጣላል፣ ለዘር የተቀመጠው እህል ይሸጣል፣ ብድር ይገባል። በዚህ ትምህርት እንግዲህ ሁለት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛው፣ የአንዲት እናት የቤት ውስጥ ሕይወት በእምነት ዓይን ሲታይ ምን እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ከሞተች በኋላ እንዴት ልናስባት እንደሚገባ ነው።

1. የቤት ሥራ እንደ ጥሪ

በማንኩሳ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር የአንዲትን እናት ውሎ ልብ ብሎ ያየ ሰው «ሥራ የላትም» ለማለት አይደፍርም። ዶሮ ሲጮህ ትነሣለች፤ እሳት ታያይዛለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ በረት ትጠርጋለች፤ ከጤፍ፣ ከዳጉሳ ወይም ከበቆሎ እንጀራ ትጋግራለች። አገሩ የሚታወቅበት በርበሬ ከማሳ ሲገባ የምታሰጣው፣ የምትቀነጥሰው፣ ከቅመሙ ጋር አዋሕዳ የምትደልዘው እርሷ ናት። ለከርሞ ዘር የሚሆነውን በቆሎ ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታ የምትሰቅለውም እርሷ ናት። በአረምና በአጨዳ ወራት ከባሏ ጋር እርሻ ትውላለች፤ ማታ ሌላው ሲያርፍ እንዝርቷን አንሥታ ጥጥ ትፈትላለች። የባሏ ጋቢና የልጆቿ ነጠላ መነሻው ያች እንዝርት ናት።

መጽሐፈ ምሳሌ ልባም ሴትን ሲያመሰግን የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ገና ሌሊት ሳለ ተነሥታ ለቤቷ ሰዎች ምግብ ማዘጋጀቷን፣ ጣቶቿ እንዝርት መያዛቸውን፣ እጇም ለድኃ መዘርጋቱን ይናገራል (ምሳ. 31፥10-31)። በዕብራይስጡ ሃያ ሁለቱ ቁጥሮች እንደ ፊደሉ ተራ የተደረደሩ ናቸው። ቅዱስ መጽሐፍ የአንዲትን ባለቤት ሥራ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው እየቆጠረ ሲያመሰግን እኛ በሁለት መስመር የምናልፈው ስለምን ነው?

እጅን ለድኃ መዘርጋት ሲባልም ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራና ጎንጅን በመሳሰሉት የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የተማሩት ሊቃውንት በተማሪነታቸው ዘመን የኖሩት በየደጁ እየዞሩ በመለመን ነበር። የሊቃውንቱ ስም በየመጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል፤ ቁራሽ እንጀራ እየሰጡ ያሳደጓቸው እናቶች ስም ግን አይታወቅም። ያን ቁራሽ ግን ጌታ ለራሱ እንደ ተደረገ ይቆጥረዋል (ማቴ. 25፥40)።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተ ሰብ ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር፣ ሴቶች በቤት ውስጥ የሚፈጽሙት ሥራ ምትክ የማይገኝለት ዋጋ እንዳለውና ሁሉም ሊያከብረው እንደሚገባ አስተምረዋል። በዚያው ሥፍራ ሴቶች በአደባባይ ሥራዎች ለመሳተፍ ሙሉ መብት እንዳላቸው ገልጸዋል (ቁ. 23)። ስለዚህ የቤት እመቤትን ማክበር ሴትን በቤት ውስጥ መወሰን ማለት አይደለም፤ የፈጸመችውን አገልግሎት በስሙ መጥራት ማለት ነው።

2. የመጀመሪያዋ የእምነት መምህርት

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ክርስቲያናዊ ቤተ ሰብን እንደ ቤት ቤተ ክርስቲያን ተመልክቶ፣ ወላጆች በቃልና በምሳሌ ለልጆቻቸው የመጀመሪያ የእምነት ሰባኪዎች እንዲሆኑ አሳስቧል (ቁ. 11)። ሐዋርያው ጳውሎስም የጢሞቴዎስን እምነት ሲያስታውስ መጀመሪያ በአያቱ በሎይድ፣ ቀጥሎም በእናቱ በኤውንቄ ያደረ እምነት መሆኑን በስማቸው ጠርቶ ይመሰክራል (2ጢሞ. 1፥5)። ካቶሊክ ምእመናን በቁጥር ጥቂት በሆኑበት፣ ካህንም ዘወትር በማይደርስበት እንደ ምዕራብ ጎጃም ባለ ገጠር ደግሞ ሕፃኑን ማማተብ የምታስለምደውና አባታችን ሆይን የምታስጠናው ከሁሉ አስቀድሞ እናት ናት።

ማንኩሳን ያላዩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስሟን የሚያውቁት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዚያ ልብ ወለድ የበዛብህ እናት ውድነሽ ልጇ በጠና በታመመባት ጊዜ ቢድን ለእግዚአብሔር እንደምትሰጠው ትሳላለች። የልጁም ኑሮ ከዚያ በኋላ በዚያ ስለት ጥላ ሥር ይውላል። ታሪኩ የፈጠራ ቢሆንም የሚያሳየን ነገር እውነት ነው፤ በምድጃ ዳር በሹክሹክታ የተደረገ የአንዲት እናት ጸሎት የሰውን ዕድሜ ሙሉ ሊመራ ይችላል። እንዲህ ያለው ጸሎት ግን በማንኛውም የሕይወት ታሪክ ወረቀት ላይ ሲጻፍ አይታይም።

3. ልጇ የጻፈላት እናት

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የአንዲት ባለትዳር እናት ሕይወት በልጇ እጅ እጅግ ተጠንቅቆ ተጽፎ የምናገኘው የቅድስት ሞኒካን ነው። ቅድስት ሞኒካ በሰሜን አፍሪካ በታጋስቴ፣ በዛሬዋ አልጄሪያ፣ የኖረች ሴት ናት። ልጇ ቅዱስ አውግስጢኖስ ጳጳስ ከሆነ በኋላ «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ ዘጠነኛ ክፍል ታሪኳን ጻፈ። የጻፈው የቤት ውስጥ ታሪክ ነው፤ ቁጡና ለትዳሩ ያልታመነ ባሏን ጳጥሪቅዮስን እንዴት በትዕግሥት ወደ እምነት እንዳመጣችው፣ በአገልጋዮች ወሬ የተቆጣችባትን አማቷን እንዴት እንዳለዘበች፣ የተጣሉ ሰዎች ሲያማክሯት የሚያስታርቀውን ቃል ብቻ ወስዳ ክፉውን እንደምታስቀር ይናገራል። (ይህ ታሪክ ግን የተደበደበች ሚስትን «ታገሺ» ለማለት ሊጠቀስ አይገባም፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተ ሰብ ፍቅር ባወጡት ሰነድ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ድብደባ የፈሪ ሥራ እንጂ የወንድነት ምልክት እንዳልሆነ አስተምረዋልና፤ ቁ. 54።)

ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። አውግስጢኖስ የእናቱን ድካም አልሸሸገም፤ በልጅነቷ ወይን እንድትቀዳ ስትላክ በስውር መቅመስ ለምዳ እንደ ነበር፣ አንዲት አገልጋይም በነቀፈቻት ጊዜ አፍራ እንደ ተወች ጽፏል። የሚወዳትን እናቱን ለማሳነስ አይደለም፤ ጸጋ የሠራውን ለማሳየት ነው። የእኛ የቀብር ንግግር ግን ብዙ ጊዜ ሟቿን ያለ አንዳች እንከን ያደርጋታል። ጉድለት ያልነበረባት ከሆነ ስለ እርሷ መጸለይ ለምን ያስፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ387 ልጇ በሚላኖ በቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ከተጠመቀ በኋላ ወደ አፍሪካ ለመመለስ በሮም ወደብ በኦስቲያ ሳሉ ሞኒካ ታመመች። አስቀድማ በባሏ አጠገብ መቃብር አዘጋጅታ ነበር፤ ሌላው ልጇ ናቪጊዮስም በሀገሯ እንድታርፍ ተመኘ። እርሷ ግን ሥጋዋ የትም ቢቀበር እንዳይጨነቁ፣ አንድ ነገር ብቻ እንደምትለምናቸው ነገረቻቸው፤ ይኸውም በጌታ መሠዊያ ዘንድ እንዲያስቧት ነበር። በታመመች በዘጠነኛው ቀን፣ በአምሳ ስድስት ዓመቷ ዐረፈች።

4. ተዝካርና ድግስ

የግዕዝ ሥርዓት በምንከተል ካቶሊካውያን ዘንድ በሣልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባና በሰማንያ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ሙታንን ማሰብ ከአባቶች የወረስነው መልካም ልማድ ነው። መሠረቱም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ በእግዚአብሔር ጸጋ ሞተው ገና መንጻት ለሚያስፈልጋቸው ነፍሳት ጸሎታችን፣ ምጽዋታችንና ከሁሉ በላይ የቅዳሴ መሥዋዕት ይረዳቸዋል (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁ. 1030-1032፤ በካቶሊክ ቅዱስ መጽሐፍ የሚገኘው 2መቃ. 12፥39-45)።

ችግሩ ያለው ድግሱ ጸሎቱን በሚውጥበት ጊዜ ነው። ይህም ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሞኒካ ራሷ በአፍሪካ ሳለች ወደ ሰማዕታት መታሰቢያ ቦታዎች ምግብና ወይን ይዛ የመሄድ ልማድ ነበራት። ሚላኖ ደርሳ እንዲሁ ልታደርግ ስትሄድ ጳጳሱ አምብሮስዮስ መከልከሉን የበሩ ጠባቂ ነገራት፤ ልማዱ ለስካር ምክንያት ስለሆነና የአረማውያንን የሙታን በዓል ስለሚመስል ነበር። ሞኒካ አልተከራከረችም። ቅርጫቷን ትታ በምትኩ ጸሎት የተሞላ ልብ ይዛ ሄደች፤ ያላትንም ለድሆች ሰጠች።

እንግዲህ ጎታዋን ስትጠብቅ፣ ዘር ከነቀዝ ስታድን የኖረች እናት የልጆቿ ዘር በእርሷ ተዝካር ስም ሲሸጥ ብታይ ደስ የሚላት ይመስላችኋል? ጎረቤትን መጋበዝ ፍቅር ነው፤ ለቀባሪው ማብላትም ደግ ነው። ነገር ግን «ሰው ምን ይለናል» በሚል ፍርሃት የሚደረግ ድግስ ለሟቿ ሳይሆን ለሰው ዓይን ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሕይወት ሳለች ያልጠየቋትን እናት ከሞተች በኋላ በበሬ ማክበር ነው፤ ጌታም በመባ አሳብበው አባትና እናታቸውን የማይረዱትን በጽኑ ገሥጿል (ማር. 7፥9-13)።

5. በየቁምስናችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በሐዘን ቤት ሲገኝ የእናቲቱን ሕይወት ለመጻፍ ይርዳ። ልጆቿን፣ ጎረቤቶቿንና እኅቶቿን ይጠይቅ፦ ጸሎት ያስተማረችው ማንን ነው? የማንን ልጅ አሳደገች? የተጣላ ማንን አስታረቀች? በችግር ዘመን ቤቱን ያቆየችው በምን ብልሃት ነው? በእጇ ፈትላ ያለበሰችው ማንን ነው? መልሱ አንድ ገጽ ይሞላል፤ እውነተኛም ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ቤተ ሰቡ ከድግሱ አስቀድሞ የቅዳሴውን ቀን ከቆሞሱ ጋር ይቁረጥ፤ ልጆቿም ንስሐ ገብተው ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው ያስቧት።

ሦስተኛ፣ ለድግስ ከታሰበው ከፍሎ ለአንዲት መበለት ወይም ወላጅ ለሌለው ልጅ መስጠት ይለመድ።

አራተኛ፣ እናቱ በሕይወት ያለችለት ሰው የሕይወት ታሪኳን ዛሬ ከአፏ ይስማ፤ ምስጋናውን ለመቃብር ቀን አያቆየው።

ጌታችን በቢታንያ ሽቱ ያፈሰሰችለት ሴት ሥራ ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ ለመታሰቢያዋ እንደሚነገር ተናገረ (ማር. 14፥9)። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ በኅብስቱና በጽዋው ራሱን ሰጥቶ ለመታሰቢያው እንድናደርገው አዘዘን (ሉቃ. 22፥19)። እናቶቻችንን በመሠዊያው ፊት ስንጠራ ሁለቱ መታሰቢያዎች ይገናኛሉ፤ በቤት የተፈጸመው ፍቅር ከክርስቶስ ፍቅር ጋር አንድ ይሆናልና።

ለውይይት

ሀ. በቁምስናችን ባለፈው ዓመት ካረፉት እናቶች ስለ አንዲቱ ምን እናውቃለን?
ለ. ተዝካር ዕዳ ውስጥ ያስገባው ቤተ ሰብ በአካባቢያችን አለን? ማኅበራችንና እድራችን እንዴት ሊረዱ ይችላሉ?
ሐ. የእናቶችን የቤት ሥራ ወንዶች ልጆቻችን እንዲጋሩ እንዴት እናስተምራቸው?

ጸሎት

አቤቱ፣ ከሴት ተወልደህ በናዝሬት ቤት በእናትህ እጅ ያደግህ ጌታ ሆይ፣ ያሳደጉንን እናቶች አስብ። ድካማቸውን ቁጠርላቸው፣ ጉድለታቸውን ይቅር በላቸው፣ በመንግሥትህ ማዕድ አስቀምጣቸው። እኛንም በሕይወት ያሉትን የምናከብር፣ ያረፉትን በመሠዊያህ ፊት የማንረሳ አድርገን። አሜን።