ለንግድ ሰርቨር የሚሆን ሊኑክስ አመራረጥ

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሚገኝ ነጋዴ የሽያጭና የመጋዘን መዝገቡን በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሊያኖር ቢያስብ፣ ዲስትሪቢዩሽን ከሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የትኛውን ይምረጥ? ቀዳሚው መለኪያ የድጋፍ ዘመን ነው። ዘመኑ ሲያበቃ ማሽኑ አይቆምም፤ አዲስ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ ግን ሳይደፈን ይቀራል። ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. እንደሚደገፍ ተነግሮ ነበር፤ በ2020 በወጣ ማስታወቂያ ግን ዘመኑ አጥሮ በ2021 ማብቂያ ተቋረጠ። ክፍተቱን ለመሙላት የተፈጠሩት አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ለአንድ ዕትም 10 ዓመት ያህል፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ኤልቲኤስ 5 ዓመት ያህል ማሻሻያ ይሰጣሉ። የፌዶራ ዕትም ዕድሜ 13 ወር ያህል ብቻ ነው፤ ኢንተርኔትና መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ሙሉውን ሥርዓት በየዓመቱ ማደስ አድካሚ ስለሆነ አንመክረውም። ኦዱን የመሰለ የንግድ ሶፍትዌር የሚጭን ሰው ደግሞ አምራቹ ጥቅል ካዘጋጀላቸው ከዴቢያን ወይም ከኡቡንቱ አንዱን ቢይዝ ሥራው ይቀልለታል።