ማብሪያ ማጥፊያው የቱን ሽቦ ይቁረጥ?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ከኤሌክትሪክ ምን አገናኘው እንዳትሉኝ! ታናሽ ወንድሜ ማብሪያውን አጥፍቶ አምፖል ሲቀይር ነዘረው፤ ደግነቱ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አጠናሁት።

ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች በሲሪስ (በተከታታይ) ሲያያዙ 220 ቮልቱን 110፣ 110 ይካፈሉታል፤ ስለዚህ ይደበዝዛሉ። መንገዱ አንድ ስለሆነም አንዱ ሲቃጠል ሁለቱም ይጠፋሉ። በፓራለል (በጎንዮሽ) ግን እያንዳንዱ ሙሉ 220 ያገኛል፤ በየቅርንጫፉም የየራሱ ማብሪያ ይገባለታል። ሁሉንም ባንዴ ማጥፋት ከተፈለገ ማብሪያው መስመሩ ከመከፈሉ በፊት ይቀመጣል።

ዋናው ነገር ግን ማብሪያው ፌዙን ይቁረጥ! ኒውትራሉን ከቆረጠ መብራቱ ይጠፋል እንጂ የአምፖሉ ማስገቢያ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ወንድሜን የነዘረው ይኸው ነው።

ስለዚህ ልምምዳችን በሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ በ3 ቮልት ይሁን፤ የቤቱን ለባለሙያ እንተው።