አንድ ዲግሪ ወይስ ሁለት? ወደ ጤና ሙያ ለሚያመሩ ተማሪዎች

በትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ያለን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዘንድሮ ደጋግመን የተወያየንበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ወደ ጤና ሙያ የሚገባ ተማሪ አንድ ዲግሪ ይበቃዋል ወይስ ሁለት ዲግሪ አጣምሮ የሚሰጥ ፕሮግራም ይምረጥ? የብዙዎቻችንን የትምህርት ወጪ የሚሸፍኑት ወላጆቻችን ብቻ አይደሉም፤ ከውጭ አገር የሚልኩልን አክስቶችና አጎቶችም አሉ። ስለዚህ የምንጨምራት እያንዳንዷ የትምህርት ዓመት የቤተሰቡም ሸክም ናት። የደረስንበትን ለታናናሾቻችን እናካፍላለን።

ጥምር ዲግሪ ምንድን ነው?

ጥምር ዲግሪ አንድ ተማሪ በተያያዘ ጊዜ ሁለት ዲግሪ የሚይዝበት አሠራር ነው። አንዳንድ ኮርሶች ለሁለቱም ስለሚቆጠሩ ለየብቻ ከመማር ያጥራል። በአሜሪካ ተማሪው መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ ይይዝና ሕክምናን ሌላ አራት ዓመት ይማራል። ከሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ጋር ሲያጣምር የሕክምናው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይሆናል፤ ከምርምር ዶክትሬት ጋር ሲያጣምር ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይደርሳል።

በእኛ አካባቢም ምሳሌ አለ። በሰሜን ሩዋንዳ፣ ቡታሮ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ግሎባል ሄልዝ ኢኩዊቲ ከ2019 ጀምሮ ሕክምናንና የዓለም አቀፍ ጤና አገልግሎት ማስተርስን በስድስት ዓመት ተኩል አጣምሮ ያስተምራል። ከዩኒቨርሲቲው መሥራቾች አንዱ የነበሩት ዶክተር ፖል ፋርመር ራሳቸው በ1990 ከሃርቫርድ በሕክምናና በአንትሮፖሎጂ ሁለት ዶክትሬት የያዙ ሐኪም ነበሩ። በሽተኛውን ከማከም ባሻገር ድህነት ሰውን እንዴት እንደሚያሳምም ማጥናት ስለፈለጉ ሁለቱም ትምህርት ለሥራቸው አስፈልጓቸዋል።

ከመወሰናችን በፊት የምንጠይቃቸው

አንደኛ፣ ልንሠራው የምናስበው ሥራ ምንድን ነው? አልጋ አጠገብ ቆሞ ማከም ለሚፈልግ ተማሪ የሕክምና፣ የነርስነት ወይም የጤና መኮንንነት ዲግሪ ራሱን የቻለ መንገድ ነው። ሁለተኛው ዲግሪ የሚጠቅመው የመጀመሪያው የማያስገባውን በር ሲከፍት ነው፤ ለምሳሌ የወረርሽኝ ቁጥጥርን፣ የሆስፒታል አስተዳደርን ወይም ምርምርን። አንዳንዴም ለምንፈልገው ሥራ ሕክምና መማር ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው ሲመረጡ የሕክምና ዶክተር አልነበሩም፤ መጀመሪያ አስመራ ላይ ባዮሎጂ፣ ከዚያም በእንግሊዝ ኢሚውኖሎጂና የማኅበረሰብ ጤና የተማሩ ናቸው። በ1964 እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያገኙት ዶክተር አክሊሉ ለማም የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ስንት ዓመት ይወስዳል? በዓመት ብቻ ሳይሆን በዕድሜ እንቁጠረው። በ18 ዓመቱ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናን አምስት ዓመት ቢማርና አንድ ዓመት ኢንተርን ቢሆን 24 ዓመት ይሞላዋል። ሥራ ሳይጀምር የሁለት ዓመት ማስተርስ ቢጨምር 26፣ ከዚያ የሦስት ዓመት ስፔሻሊቲ ቢቀጥል 29 ይሆናል። የተጨመረው ዓመት ዋጋ የትምህርት ክፍያው ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዓመት ሊገኝ ይችል የነበረው ደመወዝና ተራውን የሚጠብቅ ታናሽ ወንድም ወይም እህትም አብረው ይታሰባሉ።

ሦስተኛ፣ ከፋዩ ማን ነው፣ ግዴታውስ? ወጪ የሚሸፍን ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ከምረቃ በኋላ የአገልግሎት ዓመታት ይጠይቃል። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የት እንደምንሠራና ለስንት ዓመት እንደሆነ ከመፈረማችን በፊት ከቤተሰብ ጋር ሆነን እናንብበው።

አራተኛ፣ የሥራ ፈቃዱስ? ለማከም የሚያበቃው የዲግሪ ብዛት አይደለም፤ የምንሠራበት አገር የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ነው። ሁለት ዲግሪ ይዞ የመጣም ከሌላ አገር ከተመረቀ ብዙ ጊዜ ፈተና ይጠብቀዋል። እኛ ስደትም መመለስም በቤታችን ያለ ነገር ስለሆነ፣ ዲግሪው ኬንያም፣ ኢትዮጵያም፣ ሌላም ቦታ ተቀባይነት እንዳለው ከመመዝገባችን በፊት የየአገሩን ፈቃድ ሰጪ አካል እንጠይቅ።

የተስማማንበት

አባቶች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። በክበባችን ግማሾቻችን ይህንን ይዘን በአንድ ዲግሪ እንጽና ስንል፣ ግማሾቻችን ደግሞ ዕድሉ በወጣትነት ካልተያዘ ያመልጣል ብለን ተከራክረናል። በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው፦ ሁለተኛው ዲግሪ የሚያስፈልግበትን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የቻለ፣ ወጪውም የተሸፈነለት ተማሪ ጥምሩን ይምረጥ። ገና መናገር ያልቻለ በአንዱ ይጀምር። የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ከጥቂት ዓመታት ሥራ በኋላም ይገኛል፤ እንዲያውም ጤና ጣቢያ ውስጥ ሠርቶ የመጣ ሰው ምን ለመማር እንደመጣ ያውቃል።

ከክበባችን አባላት ጥምሩን የመረጡ አሉ፣ አንዱን የመረጡም አሉ። ውድ ታናናሾቻችን፣ ጎረቤት ልጅ ስለመረጠው ወይም ሁለት ማዕረግ ከስም ፊት ስለሚያምር አትምረጡ። አራቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፋችሁ ከወላጆቻችሁና ከመምህሮቻችሁ ጋር ተነጋገሩባቸው። መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ!