በበግ ጠጉር ሙዳይ ላይ ጌጥ ስለ ማውጣት

በአገራችን የበግ ጠጉር ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ባናን ነው። በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ደጋ፥ ጠጉሩ ተሸልቶ፥ ተፈትሎና ተሸምኖ ባናና በርኖስ ይሆናል። ይሁን እንጂ ያለ እንዝርትና ያለ መወርወሪያ፥ በሙቅ ውሃ፥ በሳሙናና በእጅ ጉልበት ብቻ ከበግ ጠጉር ወፍራም ጨርቅ ማውጣት ይቻላል። ይህ ጨርቅ ፌልት ይባላል። ከእርሱም ምንጣፍና ባርኔጣ ብቻ ሳይሆን ስፌት የሌለው ጎድጓዳ ዕቃ ይሠራል። እኔም በዚህ ዓመት ለአያቴ የእንዝርታቸው ማስቀመጫ የሚሆን ሙዳይ በዚህ መንገድ ለመሥራት ተነሣሁ። የመጀመሪያው ተበላሸብኝ፤ ሁለተኛው ግን ተሳካ። ከሁለቱም የተማርሁትን ለአንባቢዎች ለማካፈል ይህን አጭር ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ጠጉር እንዴት ጨርቅ ይሆናል?

አንድ የበግ ጠጉር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ላዩ እንደ ዓሣ ገላ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ ሁሉ ወደ ጠጉሩ ጫፍ ያዘነበሉ ናቸው። ስለዚህ ጠጉሩ ወደ ሥሩ በኩል በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ግን ቅርፊቱ ይይዘዋል። ሙቅ ውሃና ሳሙና ጠጉሩን ያለሰልሱታል፤ እጃችን ሲያሸው ደግሞ እያንዳንዱ ጠጉር በጎረቤቱ መካከል እየገባ ይሄዳል፤ የገባውም አይመለስም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ ለየብቻው በትንፋሽ የሚበተን ጠጉር አንድ ላይ ሲቆላለፍ በመቀስ ካልሆነ የማይለይ ጨርቅ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ጨርቁ እየጠበበና እየወፈረ ይሄዳል። ይህ መኮማተር የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው።

ጥበቡ ጥንታዊ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1947 እስከ 1949 ዓ. ም. የሩስያ ሊቃውንት በአልታይ ተራሮች፥ ፓዚሪክ በሚባለው ሥፍራ፥ በበረዶ ውስጥ የቆዩ መቃብሮችን ሲቆፍሩ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ የኖሩ የፌልት ሥራዎች አግኝተዋል። ከእነዚህም መካከል ከፌልት የተሠሩ፥ ውስጣቸው የተጠቀጠቀ የወፍ ምስሎች ነበሩ። በኪርጊዝስታን ደግሞ አላ ኪዪዝ የሚባል ምንጣፍ አለ፤ ሴቶቹ ልዩ ልዩ ቀለም ያለውን ጠጉር ገና ሳይታሽ በሥዕል መልክ ይደረድሩትና ከምንጣፉ ጋር አብረው ያሹታል። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2012 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። የኪርጊዝ ሴቶች የሚያውቁትን ይህን አንድ ነገር እኔ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ግማሹን ጠጉሬን ባላጣሁም ነበር።

የመጀመሪያው ሙዳይ

አጎቴ ከመንዝ የላኩልኝ የአንድ ነጭና የአንድ ጥቁር በግ ጠጉር ብቻ ነበር። ፌልት የሆነ ጠጉር ተመልሶ ልቅ ጠጉር ስለማይሆን የተበላሸው ተበላሸ ማለት ነው። እኔ ግን ቸኮልሁ። በመጀመሪያ ነጩን ሙዳይ ሠርቼ ጨረስሁና፥ ከዚያ በኋላ ጥቁር ጠጉር በላዩ በአበባ መልክ አስቀምጬ አሸሁት። እርጥብ ሳለ ያማረ መሰለኝ፤ በማግሥቱ ሲደርቅ ግን አበባው በጣቴ ስነካው እንደ ቅርፊት ተላጠ። ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁ፤ የሙዳዩ ገጽ አስቀድሞ ተቆላልፎ ስለ ተዘጋ ለአዲሱ ጠጉር መግቢያ አልነበረውም። በዚያው ሰሞን አንድ የቤታችን እንግዳ «ጠጉር ማሸት ደግሞ ትምህርት ነውን?» ብለው ጠየቁኝ። የተላጠውን ሙዳይ ይዤ መልስ አጣሁ።

ሒሳቡ

ለሁለተኛው ሙዳይ አስቀድሜ መለኪያ ሠራሁ። ወርዱና ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ አሽቼ ስለካው 20 ሳንቲሜትር ሆነ። 30 ለ20 ሲካፈል 1.5 ነው። ስለዚህ ሲያልቅ 20 ሳንቲሜትር እንዲሆን የምፈልገውን ሁሉ በ1.5 እያባዛሁ መጀመር አለብኝ። ጌጡም እንዲሁ ነው፤ 3 ሳንቲሜትር የነበረ ክብ 2 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስፋቱ ግን ከ9 ወደ 4 ስለሚወርድ ከግማሽ ያነሰ ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ጌጡ ጠፋብኝ ብሎ ያዝናል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጨርቁ አብዝቶ የሚጠበው በሚጠቀለልበት አቅጣጫ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ቢጠቀለል ክቡ እንደ እንቁላል ይሆናል። ስለዚህ በአራቱም ወገን እኩል መጠቅለል ይገባል።

አሠራሩ

ጠጉሩን አጥቤ እንደ ባዘቶ እስኪለሰልስ አፍታታሁት። ከወፍራም ላስቲክ ወርዱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ቆረጥሁ፤ ይህ ላስቲክ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከለክላል። በላዩ ጥቁሩን ጠጉር በሁለት ስስ ንብብር አንዱን በቁመት አንዱን በወርድ አነጠፍሁ። ከላስቲኩ ጠርዝ 3 ሳንቲሜትር ያህል የተረፈውን ጠጉር በሳሙና ውሃ አርሼ፥ ገልብጬ ወደ ሌላው ወገን አጠፍሁት፤ ሌላውንም ወገን እንዲሁ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ በጥቁሩ ላይ ነጩን ጠጉር በሁለት ንብብር አለበስሁት። ጌጡ የሚገባው እዚህ ላይ፥ በጥቁሩና በነጩ መካከል ነው። ሦስት ዓይነት ጌጥ ሞክሬአለሁ።

አንደኛው የሚጎደጉድ ጌጥ ነው። ነጩ ከመነጠፉ በፊት ወርዳቸው 3 ሳንቲሜትር የሆነ ትንንሽ የላስቲክ ክቦች በጥቁሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሥራው እኩሌታ ሲደርስ ክቦቹ በጣት ሲዳሰሱ ይታወቃሉ፤ ያን ጊዜ የላይኛው ነጭ ብቻ በመቀስ ተቀድዶ ላስቲኩ ይወጣል። ጥቁሩ ከሥር ብቅ ይላል፤ የነጩም ጠርዝ በሳሙና ሲታሽ እንደ ከንፈር ይነሣል።

ሁለተኛው የሚነሣ ጌጥ ነው። ከጠጉር በእርጥብ እጅ ቀጭን ገመድ ይጠቀለልና ከነጩ ሥር ይዘረጋል። ሲታሽ ነጩ ስለሚይዘው በእጅ ላይ እንዳለ የደም ሥር ከፍ ብሎ ይታያል።

ሦስተኛው እብጠት ነው። አፉ ተከፍቶ ትልቁ ላስቲክ ከወጣ በኋላ፥ ጨርቁ ገና ሳይጠነክር፥ ከውስጥ ጠጠር ተይዞ ከውጭ በክር ይታሠራል። ጨርቁ ከጠበበና ከደረቀ በኋላ ክሩ ሲፈታ ጠጠሩ ይወጣል፤ እብጠቱ ግን ይቀራል። እኔ መጀመሪያ በጠጠር ፈንታ ሽምብራ አድርጌ ነበር፤ በሙቁ ውሃ አብጦ ቅርጹን አበላሸው።

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ በሰሌን ጠቅልዬ በአራቱም ወገን እያዞርሁ አሸሁት፤ መጀመሪያ በቀስታ፥ በኋላም በኃይል። የመቅደጃው ጊዜ በግምት አይደለም። ከላይ በጣት ቆንጠጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ነጠላ ጠጉር ከተነሣ ገና ነው፥ ገጹ እንደ ቆዳ አንድ ላይ ከተነሣ ደርሷል። ቀድሞ የቀደደ ሰው ጠርዙ ይበተንበታል፤ ዘግይቶ የቀደደ ደግሞ ጠርዙ አይነሣለትም። በመጨረሻ ሳሙናው በንጹሕ ውሃ ለቅቆ፥ ውስጡ ቅርጽ እንዲይዝ ጣሳ ገብቶበት ይደርቃል።

ፍጻሜ

የሁለተኛውን ሙዳይ ለአያቴ በሰጠኋቸው ጊዜ አገላብጠው አዩት፤ ጣታቸውን በጉድጓዶቹ ውስጥ እያስገቡ ስፌቱን ፈለጉ። «ማን ሰፋልህ?» አሉኝ። ማንም እንዳልሰፋው፥ ጠጉሩ ራሱ ተያይዞ እንደ ያዘው ስነግራቸው ሳቁና እንዝርታቸውን አስገቡበት።

ለዚያም እንግዳ ዛሬ መልስ አለኝ። በዚህ አንድ ሙዳይ ውስጥ የጠጉርን ባሕርይ፥ የማባዛትና የማካፈልን ሒሳብ፥ የትዕግሥትንም ጥቅም ተምሬአለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የታሸ ጠጉር ግን ፈስሶ የሚለቀም አይደለምና አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል። ጓደኞቼ ሆይ፥ በየቤታችሁ ወይም በዘመድ አገር የተሸለተ ጠጉር ካለ አትጣሉት፤ በትንሽ ቁራጭ ለክታችሁ ጀምሩ።