ላይብረሪ ስንመርጥ ሰነዱን እንይ



ባለፈው እረፍት ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ለሰፈራችን መድረሳ የደረሶች መመዝገቢያ ፕሮግራም በፓይተን ሠርተን ነበር። ግቢ ውስጥ በደንብ ሠራ። ጣርማበርን ወርደን በመድረሳው ላፕቶፕ ላይ ስንከፍተው ግን «ሞጁሉ አልተገኘም» ብሎ ቆመ። የተጠቀምንበት ላይብረሪ ላፕቶፑ ላይ የለም፤ ለማውረድ ደግሞ ኔትወርክ የለም። ሸሃችን ምንም ሳይሉ ደብተራቸውን አውጥተው የደረሶቹን ስም በእጃቸው ጻፉ። እኛም አፈርን። የዛሬው ትምህርት ከዚያ የተማርነው ነው።

በኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ ክላስ ማለት ባዶ ቅጽ ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የሚቀራው ኪታብ። በቅጹ የተሞላ እያንዳንዱ ደረሳ ኦብጀክት ነው። ፓይተን ክላስን ያለ ምንም ላይብረሪ ይጽፋል፤ ነገር ግን አንዱን ስም ደጋግሞ መጻፍ ያሰለቻል። ይህን ለማቅለል ብዙ ጊዜ የሚመከሩት ሦስት ናቸው።

1. ዳታክላስ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ከፓይተኑ ጋር አብሮ ይመጣል፤ የሚወርድ ነገር የለውም። ጉድለቱ የመረጃውን ዓይነት አለመፈተሹ ነው። ዕድሜ ቁጥር ነው ብለን ብንጽፍም በፊደል «አሥራ ሁለት» ቢገባ ዝም ብሎ ይቀበላል። ፍተሻውን ራሳችን መጻፍ አለብን።

2. አትርስ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ለዳታክላስም መነሻ የሆነ ነው። መፈተሻ አለው፤ ሌላ ላይብረሪ የግድ አይፈልግም። ግን ራሱ መውረድ አለበት።

3. ፓይዳንቲክ። ከውጭ የሚገባን መረጃ አጥብቆ ይፈትሻል። ሆኖም ሌሎች ላይብረሪዎችን አስከትሎ ይመጣል፤ ከ2ኛው ቨርዥን ወዲህ ውስጡ በረስት ቋንቋ ስለተጻፈ የሚወርደው ፋይል ከኮምፒውተሩና ከፓይተኑ ቨርዥን ጋር መግጠም አለበት። እኛን የጣለን ይህ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኛ ምርጫ እንጂ የላይብረሪው አይደለም።

መድረሳ የቀራን ሁሉ ሰነድን እናውቃለን። የሐዲስ ዑለማዎች አጭሩን ሰነድ ይወዳሉ፤ በመካከል ያለው ሰው ባነሰ ቁጥር ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳም ያንሳል። ማጠር ብቻውን ግን አይበቃም፤ አስተላላፊው ታማኝና ጠንቃቃ መሆን አለበት። ደካማ ሰው ካለበት አጭር ሰነድ ታማኞች ያሉበት ረጅሙ ይሻላል። ላይብረሪም እንዲሁ ነው። ከመጫናችን በፊት እንጠይቅ፦ ማን ይጠብቀዋል? በቅርቡ ታድሷል? ስንት ሌሎችን ይጎትታል? ስሙንስ በትክክል ጽፈናል? በአንድ ፊደል ስሕተት ጎጂ ኮድ ያወረዱ ብዙ ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት መቆየቱን አንረሳም። ስለዚህ አገር ቤት ለሚሠራ ፕሮግራም መጀመሪያ ከፓይተኑ ጋር ያለውን እንይ። የግድ ሌላ ካስፈለገ ግቢ ሳለን «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው ትእዛዝ ላይብረሪውን ከነተከታዮቹ በፍላሽ እንያዝ፤ ከመሄዳችንም በፊት ኔትወርክ አጥፍተን እንሞክረው።

እኛም ፕሮግራሙን በዳታክላስ እንደገና ጻፍነው፤ የዕድሜውን ፍተሻ በጥቂት መስመር ጨመርን። በሚቀጥለው እረፍት ለሸሃችን እናሳያለን፣ ኢንሻአላህ። የደረሶች መዝገብ አማና ነው፤ አማናን በማናውቀው እጅ አንጣል።

ወላሁ አዕለም።